አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይትስ፦ ሥር የሰደደ የአከርካሪ መገጣጠሚያ ብግነትን በዕለት ተዕለት አኗኗር መቆጣጠር

በሕይወት ዘመናቸው የወገብ ሕመም ያላጋጠማቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው። አብዛኛው የወገብ ሕመም ከባድ ዕቃ በማንሳት፣ በተዛባ አቀማመጥ ወይም በጡንቻ መጎዳት የሚመጣ ሲሆን በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይሻላል። ከዚህ የተለየ ጠባይ ያለው የወገብ ሕመም ግን አለ። በወጣትነት ዕድሜ ቀስ በቀስ ይጀምራል፤ ከሦስት ወር በላይ ይቆያል፤ ታማሚው ሲያርፍ ይብስበታል፣ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ይቀልለታል። የዚህ ዓይነቱ ሕመም ዋነኛ ምክንያት ከሆኑት አንዱ አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይትስ የተባለው ሥር የሰደደ የአከርካሪ መገጣጠሚያዎች ብግነት ነው።

ለበሽታው ሙሉ በሙሉ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን ባይገኝም በሕክምናና በአኗኗር ማስተካከያ መቆጣጠር ይቻላል። ለወገብ ሕመም የተለመደው “ተኝተህ እረፍ” የሚለው ምክር ግን ለዚህ በሽታ ጉዳት ያመጣል። ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የቆየ አከርካሪ ይበልጥ ይደርቃል፤ ጡንቻም ይዝላል። ስለሆነም በየዕለቱ መንቀሳቀስ እንደ መድኃኒቱ ሁሉ የሕክምናው አካል ነው። ይህ ጽሑፍ በሽታውን ለመለየት፣ በቤትና በሥራ ቦታ ሊደረጉ የሚገባቸውን ጥንቃቄዎች ለማወቅና አገልግሎት ለማግኘት የሚረዱ መረጃዎችን ይዟል።

በሽታው ምንድን ነው?

አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይትስ የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት በተዛባ መንገድ በመሥራቱ የሚከሰት ተላላፊ ያልሆነ በሽታ ነው። ብግነቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የአከርካሪው ታችኛው ጫፍ ከዳሌ አጥንት ጋር በሚገናኝባቸው ሁለት መገጣጠሚያዎች ላይ ሲሆን ቀስ በቀስ ወደ ወገብ፣ ወደ ደረትና ወደ አንገት ሊወጣ ይችላል። ብግነቱ ለዓመታት ሲቆይ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል አዲስ አጥንት ያበቅላል። በዚህም ምክንያት አጥንቶቹ ሊጣበቁና ጀርባው ወደ ፊት እንደ ጎበጠ ሊቀር ይችላል። ይህ ደረጃ ሁሉም ታማሚ ላይ አይደርስም።

በሽታው በአብዛኛው ከ45 ዓመት ዕድሜ በፊት የሚጀምር ሲሆን በተለይ ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሠላሳዎቹ ባሉት ዓመታት ይታያል። ቀደም ሲል የወንዶች በሽታ ብቻ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ሴቶችም የሚያዙ ሲሆን በዚህ የተሳሳተ ግምት የተነሳ በሽታቸው ዘግይቶ ይታወቃል።

ምልክቶቹን እንዴት መለየት ይቻላል?

የሚከተሉት ምልክቶች አብረው ሲታዩ የጤና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል፦

• ቀስ በቀስ የጀመረና ከሦስት ወር በላይ የቆየ የወገብ ወይም የመቀመጫ ሕመም፤ አንዳንድ ጊዜ ከአንዱ መቀመጫ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤
• ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቆይ የጀርባ መገተር፤
• ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስና ተነስተው ሲራመዱ የሚቀንስ ሕመም፤
• የተረከዝ፣ የጉልበት፣ የዳሌ ወይም የቁርጭምጭሚት ሕመምና እብጠት፤
• በጥልቀት ሲተነፍሱ የጎድን አጥንት ሕመም፤
• ያለ በቂ ምክንያት የሚዘልቅ ድካም።

በሽታው ከአከርካሪ ውጭም ጉዳት ያደርሳል። በተለይ የዓይን ውስጠኛ ክፍል ብግነት በብዙ ታማሚዎች ላይ ይከሰታል። የቆዳ ልዩ በሽታ የሆነው ሶሪያሲስና ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነትም አብረውት ሊታዩ ይችላሉ።

በአገራችን ሊታሰቡ የሚገባቸው ሌሎች በሽታዎች

በርካታ ሰዎች ለዓመታት የዘለቀ የወገብ ሕመምን “ብርድ ነው”፣ “ቁርጥማት ነው” ወይም “ሪህ ነው” በማለት ሳይመረመሩ ይቆያሉ። ሪህ በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ሲበዛ የሚመጣና ብዙውን ጊዜ የእግር አውራ ጣትንና ሌሎች የእግር መገጣጠሚያዎችን በድንገት የሚያጠቃ የተለየ በሽታ ነው። ስለዚህ ሪህ ነው በሚል ግምት ሥጋ መተው የአከርካሪ ብግነትን አያክምም።

በሌላ በኩል የአከርካሪ ቲቢ እና ብሩሴሎሲስ ተመሳሳይ የጀርባ ሕመም ያስከትላሉ። ብሩሴሎሲስ ያልተፈላ ወተት በመጠጣት ወይም ከታመሙ እንስሳት ጋር በሚደረግ ንክኪ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ ወይም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለ ለሐኪሙ ሳይደብቁ መንገር ይገባል። እነዚህ በሽታዎች በተገቢው መድኃኒት የሚድኑ በመሆናቸው በቅድሚያ መለየታቸው አስፈላጊ ነው።

በሽታውን በእርግጠኝነት የሚያሳውቅ አንድ ብቸኛ ምርመራ የለም። ሐኪሙ የሕመሙን ታሪክ፣ የአካል ምርመራን፣ የደም ምርመራንና የራጅ ወይም የኤምአርአይ ምስልን አንድ ላይ አይቶ ይወስናል። በራጅ ላይ የሚታይ ለውጥ ለመምጣት ዓመታት ሊወስድ ስለሚችል በመጀመሪያው ጊዜ የተነሳ ራጅ ደህና መሆኑ በሽታው የለም ማለት አይደለም። ኤችኤልኤ-ቢ27 የተባለው የዘረመል ምርመራ ውጤትም ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም፣ አያስቀርምም።

እንቅስቃሴ፦ የየዕለቱ ሕክምና

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴና በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይመክራል። የአከርካሪ ብግነት ያለባቸው ሰዎችም ይህንኑ መጠን ግብ ማድረግ ይችላሉ። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞና ዋና ተስማሚ ናቸው። ዋና በአቅራቢያ ባይኖር በየቀኑ 30 ደቂቃ በእግር መሄድ ምንም ወጪ የማይጠይቅ አማራጭ ነው።

ከአጠቃላይ እንቅስቃሴ በተጨማሪ አከርካሪን የሚያፍታቱ የሚከተሉት መልመጃዎች በቤት ውስጥ ሊሠሩ ይችላሉ። ከመጀመርዎ በፊት ከተቻለ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳይዎ። ጠዋት ጀርባዎ በጣም የሚገተር ከሆነ በሞቀ ውሃ ከታጠቡ በኋላ ይሥሩ።

1. በግድግዳ መቆም፦ ተረከዝዎን፣ መቀመጫዎን እና ትከሻዎን ግድግዳ አስነክተው ይቁሙ። አገጭዎን ወደ ላይ ሳያነሱ የጭንቅላትዎን ጀርባ ወደ ግድግዳው ያስጠጉ። ለአምስት ሰከንድ ያህል ይቆዩና ያላሉ፤ አሥር ጊዜ ይደጋግሙ። ጭንቅላትዎ ግድግዳውን ካልነካ አያስገድዱት። በየወሩ በጭንቅላትዎና በግድግዳው መካከል ያለውን ርቀት ለክተው ቢመዘግቡ ለውጡን ለመከታተል ይረዳል።

2. ጥልቅ ትንፋሽ፦ ሁለት እጅዎን በጎድንዎ ላይ ያድርጉ። በአፍንጫ በዝግታ አየር ሲያስገቡ ጎድንዎ እጅዎን ወደ ውጭ እስኪገፋ ይሙሉት፤ ከዚያ በአፍ በዝግታ ያውጡ። አምስት ጊዜ ይደጋግሙ። ብግነቱ የደረት መገጣጠሚያዎችን ስለሚገታ ይህ መልመጃ የደረት መስፋትን ለመጠበቅ ይጠቅማል።

3. እንደ ድመት ጀርባን ማጉበጥና ማስረግ፦ በእጅና በጉልበት ተንበርክከው ጀርባዎን ወደ ላይ ያጉብጡ፤ ቀጥሎ ሆድዎን ወደ መሬት ያስርጉና ፊትዎን ቀና ያድርጉ። በዝግታ አሥር ጊዜ ይሥሩ።

4. ጉልበትን ማወዛወዝ፦ በጀርባዎ ተኝተው ጉልበቶችዎን ይጠፉ። ትከሻዎ ከመሬት ሳይነሳ ሁለቱንም ጉልበቶች አንድ ላይ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ በዝግታ ያዘንብሉ።

5. በሆድ መተኛት፦ በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በሆድዎ ይተኙ። ይህ ዳሌና ጀርባ ወደ ፊት ታጥፈው እንዳይቀሩ ይረዳል። በመጀመሪያ የሚከብድዎ ከሆነ በጥቂት ደቂቃዎች ጀምረው ቀስ በቀስ ይጨምሩ።

ከመልመጃ በኋላ ቀላል ሕመም መሰማቱ የተለመደ ነው። ሕመሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ግን በሚቀጥለው ጊዜ መጠኑን ይቀንሱ እንጂ ጨርሰው አያቁሙ። ሕመሙ በሚያገረሽበት ወቅትም ቢሆን ቀለል ያሉ የማፍታቻ መልመጃዎችን መቀጠል ይመከራል። አከርካሪያቸው የተጣበቀ ወይም አጥንታቸው የሳሳ ሰዎች እንደ ትግል፣ ቦክስና እግር ኳስ ያሉ ግጭትና መውደቅ የሚበዛባቸውን ስፖርቶች ማስወገድ አለባቸው።

አቀማመጥ፣ እንቅልፍና ሥራ

አጥንቶች በሚጣበቁበት ወቅት ሰውነት አዘውትሮ የሚይዘው አቋም ቋሚ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም የጎበጠ አቀማመጥን ማስወገድ በዚህ በሽታ ከምቾት ያለፈ ትርጉም አለው።

እንቅልፍ፦ መሐሉ በማይሰረጉድ ጠንካራ ፍራሽ ላይ ይተኙ። ትራስዎ አንገትን ወደ ፊት የማይገፋ ቀጭን ይሁን። በጉልበትዎ ሥር ትራስ አድርጎ መተኛት ለጊዜው ቢያቀልም ዳሌንና ጉልበትን እንደታጠፉ ስለሚያስለምድ ልማድ አያድርጉት።

የቢሮና የስፌት ሥራ፦ የሚያዩትን ነገር ወደ ዓይንዎ ከፍታ ያምጡት እንጂ አንገትዎን ወደ ታች አይድፉ። በየ30 ደቂቃው ተነስተው ጥቂት ይራመዱ። በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ጀርባን ስለሚያጎብጥ መደገፊያ ያለው ወንበር ይምረጡ።

የእርሻና የቤት ውስጥ ሥራ፦ ለረጅም ጊዜ አጎንብሶ ማረም፣ ማጨድ ወይም ማጠብ ሲኖር ሥራውን እየከፋፈሉ በየመሐሉ ቀና ብለው ጀርባዎን ያፍታቱ። ውሃ በጀርባ ከመሸከም ይልቅ በሁለት አነስተኛ ጀሪካን ከፍሎ በሁለት እጅ መያዝ ወይም በጋሪ መግፋት ይሻላል። ዕቃ ሲያነሱ ጉልበትዎን አጥፈው ዕቃውን ወደ ሰውነትዎ ያስጠጉ።

ማሽከርከር፦ በረጅም ጉዞ ላይ በየመሐሉ ቆመው ይውረዱና ይንቀሳቀሱ። አንገታቸው በሚገባ የማይዞር ሰዎች ተጨማሪ መስታወት ሊያስፈልጋቸው ይችላል። የደህንነት ቀበቶ ማሰርና የጭንቅላት መደገፊያውን ማስተካከል የግድ ነው፤ የደረቀ አንገት በቀላል ግጭት ሊሰበር ይችላልና።

ትምባሆ፣ ጫትና አልኮል

ሲጋራ የሚያጨሱ ታማሚዎች ከማያጨሱት ይልቅ የአከርካሪ ጉዳታቸው የከፋና እንቅስቃሴያቸው የተገደበ ሆኖ ይገኛል። በተጨማሪም በሽታው የደረትን መስፋት ስለሚቀንስ የሳንባ ጉዳት ሲታከልበት የመተንፈስ ችግሩ ይበረታል። ከአኗኗር ለውጦች ሁሉ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ማጨስን ማቆም ነው። ሺሻም ከሲጋራ የተሻለ አማራጭ አይደለም።

ጫት መቃም ለሰዓታት በአንድ ቦታ መቀመጥን ያስከትላል፤ እንቅልፍን ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይቀንሳል። እነዚህ ሁሉ ለዚህ በሽታ የማይስማሙ ናቸው። አልኮል ደግሞ ከሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ የጨጓራ መድማት አደጋን ይጨምራል፤ ሚዛንን አስቶ ለመውደቅም ያጋልጣል።

አመጋገብና ጾም

ይህን በሽታ እንደሚያድን የተረጋገጠ የተለየ ምግብ የለም። እንጀራን፣ ዳቦን ወይም ወተትን ሙሉ በሙሉ በመተው በሽታው ይጠፋል የሚሉ ምክሮችም በቂ ማስረጃ የላቸውም። ለማንኛውም ሰው የሚመከረው የተመጣጠነ ምግብ ለዚህም ታማሚ ይስማማል፦ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬ፣ ሲገኝ ዓሣ፤ ጨው፣ ስኳርና የረጋ ዘይት መቀነስ። ከመጠን ያለፈ ክብደት በመገጣጠሚያ ላይ ጫና ስለሚጨምር ክብደትን መቆጣጠር ይገባል።

በሽታው አጥንትን ስለሚያሳሳ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ትኩረት ይሻሉ። ወተት፣ እርጎ፣ ጤፍ፣ ሰሊጥና ጥቁር ቅጠል ያላቸው ጎመኖች የካልሲየም ምንጭ ናቸው። ቫይታሚን ዲ ሰውነት ከፀሐይ ብርሃን የሚያገኘው በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜያቸውን ቤት ውስጥ የሚያሳልፉ ሰዎች በመጠኑ ወደ ውጭ መውጣት ይጠቅማቸዋል።

የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች በባዶ ሆድ ሲወሰዱ ጨጓራን ይጎዳሉ። ስለዚህ በዐቢይ ጾም፣ በረመዳንና በሌሎች አጽዋማት ወቅት ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ። የመድኃኒቱን ሰዓት ከምግብ ሰዓት ጋር ማስማማት ወይም በቀን አንድ ጊዜ ወደሚወሰድ መድኃኒት መለወጥ ይቻል ይሆናል። ሐኪሙ እንዳይጾሙ ከመከረ ጉዳዩን ለሃይማኖት አባትዎ ማስረዳት ተገቢ ነው። መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን አይመከርም።

መድኃኒትን በአግባቡ መጠቀም

የአኗኗር ማስተካከያ መድኃኒትን ያግዛል እንጂ አይተካም። በመጀመሪያ ደረጃ የሚታዘዙት እንደ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ናፕሮክሰንና ኢንዶሜታሲን ያሉ ብግነትን የሚቀንሱ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ሲወስዷቸው የሚከተሉትን ያስተውሉ፦

• ከእነዚህ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይውሰዱ፤ ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን አይጨምርም።
• የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት፣ የልብ በሽታ ወይም የደም ግፊት ካለብዎ አስቀድመው ይንገሩ።
• ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ያማክሩ፤ በተለይ ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ እነዚህ መድኃኒቶች ፅንሱን ሊጎዱ ይችላሉ።
• ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን የመሳሰሉ ስቴሮይድ መድኃኒቶችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝተው አይጠቀሙ። ፈጣን እፎይታ ቢሰጡም ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ አጥንትን ያሳሳሉ፣ ስኳርና ግፊት ያስነሳሉ። ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ ከቆዩም በድንገት ማቆም አደገኛ ነው።

እነዚህ ማስታገሻዎች በቂ ውጤት ካላመጡ እንደ አዳሊሙማብ ያሉ ባዮሎጂክ የተባሉ መድኃኒቶች በልዩ ሐኪም ሊታዘዙ ይችላሉ። ባዮሎጂክ መድኃኒቶች በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የቆየ ቲቢን ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ ከመጀመራቸው በፊት የቲቢ ምርመራ ይደረጋል። ቀደም ሲል ቲቢ ታመው ከነበረ ወይም በቤትዎ የቲቢ ታማሚ ካለ ይህን መናገር ሕይወትን ይታደጋል።

ስለ ወጌሻ፣ ማሸትና ጸበል

ጀርባን ወይም አንገትን በኃይል መጠምዘዝ፣ መርገጥ ወይም “ማንቃቃት” ለዚህ ታማሚ እጅግ አደገኛ ነው። የተጣበቀ አከርካሪ ጠንካራ ቢመስልም በቀላሉ የሚሰበር ሲሆን ስብራቱ የአከርካሪ ነርቭን ጎድቶ ሽባነት ሊያስከትል ይችላል። ስለሆነም ወደ ወጌሻ ወይም ወደ ማሳጅ ቤት ሄዶ በዚህ መንገድ መታሸት አይገባም። ጸበል የሚጠመቁና ጸሎት የሚከታተሉ ታማሚዎች ሃይማኖታዊ ሥርዓታቸውን ሲፈጽሙ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ መሆን ይኖርበታል።

ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ሁኔታዎች

• ዓይን ቀልቶ ማመም፣ ብርሃን መፍራት ወይም ብዥታ፦ በዚያው ቀን የዓይን ሕክምና ያስፈልጋል፤ ከዘገየ የማየት ችሎታን ሊጎዳ ይችላል።
• ከመውደቅ ወይም ከግጭት በኋላ፣ አደጋው ቀላል ቢሆንም እንኳ፣ አዲስ የአንገት ወይም የጀርባ ሕመም፦ ታማሚውን አያንቀሳቅሱ። አንገቱ ወይም ጀርባው ቀድሞም የጎበጠ ከሆነ ለማቃናት አይሞክሩ፤ እንዳለ ደግፈው ያጓጉዙ።
• የእግር መዛል፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል።
• ጥቁር ሰገራ ወይም ደም የተቀላቀለበት ትውከት።
• ባዮሎጂክ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ የሚታይ ትኩሳት።

አገልግሎት ለማግኘት ምን ያስፈልጋል?

በመጀመሪያ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በዚያ የመጀመሪያ ምርመራ ከተደረገልዎ በኋላ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም የውስጥ ደዌ ወይም የመገጣጠሚያ በሽታዎች ስፔሻሊስት ወደሚገኝበት ሪፈራል ሆስፒታል ይላካሉ። ሲሄዱ የሚከተሉትን ይያዙ፦

• መታወቂያና፣ አባል ከሆኑ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ፤
• ከላከዎ ተቋም የተሰጠ የሪፈራል ወረቀት፤
• ከዚህ በፊት የተነሱት ራጅና የላቦራቶሪ ውጤቶች፤
• አሁን የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ወይም ባዶ ማሸጊያዎቻቸው፤
• ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ጠዋት ስንት ደቂቃ እንደሚገትርዎ፣ ምን እንደሚያቀልልዎና በቤተሰብ ተመሳሳይ ሕመም መኖሩን የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ።

ለባለሙያው “ወገቤን ያመኛል” ከማለት ይልቅ “ሲነጋጋ ያነቃኛል፣ ስንቀሳቀስ ይሻለኛል፣ ከጀመረኝ ይህን ያህል ጊዜ ሆኖኛል” ብሎ መግለጽ በሽታው ቶሎ እንዲለይ በእጅጉ ይረዳል።

ለቤተሰብና ለአሠሪዎች

የዚህ በሽታ ታማሚ ጠዋት መነሳት አቅቶት ከሰዓት በኋላ ደህና ሆኖ ሊታይ ይችላል። ይህ የበሽታው ጠባይ እንጂ ስንፍና ወይም ማስመሰል አይደለም። ቤተሰብ ታማሚውን አስተኝቶ ከመንከባከብ ይልቅ አብሮ በመራመድና መልመጃውን በማበረታታት ሊረዳው ይገባል። አሠሪዎችም በሥራ ሰዓት በየመሐሉ ተነስቶ እንዲንቀሳቀስ በመፍቀድ፣ ከተቻለም የመግቢያ ሰዓቱን በማመቻቸት ሠራተኛው ምርታማ ሆኖ እንዲቀጥል ማድረግ ይችላሉ።

በሽታው አይተላለፍም፤ ትዳር ለመመሥረትም ሆነ ልጅ ለመውለድ አያግድም። በዘር የመተላለፍ ዝንባሌ ቢኖረውም አብዛኞቹ የታማሚ ልጆች በበሽታው አይያዙም። የረጅም ጊዜ ሕመም የሚያስከትለው ጭንቀትና ድባቴ ሲያጋጥምም እንደ ማንኛውም የጤና ችግር ሕክምና ስላለው ለባለሙያ ከመናገር ወደኋላ አይበሉ።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የተዘጋጀ ሲሆን የሐኪም ምርመራንና ምክርን አይተካም። ከሦስት ወር በላይ የቆየና በእረፍት የማይሻል የወገብ ሕመም ካለብዎ ዛሬ ነገ ሳይሉ በአቅራቢያዎ በሚገኝ የጤና ተቋም ይመርመሩ።